የንጉሥ አፍ፣ የአርበኛ ልብ

ባለፈው ሰሞን አንድ ጎረቤቴ ለምስክርነት መጥሪያ ደረሰውና ብቻውን መሄዱ ከብዶት እኔን አስከትሎ ወጣ። ሩቅ አይደለም፤ እዚሁ እኛው ክፍለ ከተማ፣ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ነው። መቼም የፍርድ ቤት ደጃፍ የራሱ ሰዓት አለው። አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጠ ሰው ሁሉ፣ ባለጋራም ቢሆን፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ወሬ መካፈሉ አይቀርም።

ከአጠገባችን ጋቢ የደረቡ፣ ወረቀታቸውን በፌስታል ጠቅልለው ጉልበታቸው ላይ ያኖሩ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። አንድ ወጣት ጠጋ አላቸውና፣

«አባባ፣ የእርስዎን መዝገብ የያዙት ዳኛ ድሮ ወታደር ነበሩ ይባላል፤ ሰምተዋል?» አላቸው።

ሽማግሌው አልደነገጡም። ፌስታላቸውን አስተካከሉና፣

«ከማን ወገን?» ሲሉ ጠየቁት።

«እሱን እንኳ አላውቅም።»

«እንግዲያው ምኑን ነገርከኝ፣ ልጄ!»

ወዲያው ስማቸው ተጠራና ገቡ። የእኛም ጉዳይ ለሌላ ቀን ተቀጠረ። «ከማን ወገን?» የምትለው ጥያቄ ግን ቤቴ ድረስ ተከትላኝ መጣች። ከምሽግ ተነሥቶ ወደ ችሎት ስለመጣ ሰው ስናስብ ሁላችንም መጀመሪያ የምንጠይቀው ይህንኑ ነው። ለመሆኑ ጥያቄዋ ትበቃለች? እስቲ ታሪክ እናገላብጥ። (የእኛን ከባሕር ማዶው ጋር ማነጻጸር እንዲያመች ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።)

በጥንቱ ሥርዓታችን ጦር የሚመራውና የሚፈርደው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ነበር። ሹም ሲዘምት ሰይፍ፣ ሲመለስ ፍርድ በእጁ ነው። እንዲያውም ተሸንፎ የተማረከ ሰው ከፍ ብሎ ፈራጅ የሆነበትም ጊዜ አለ። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ በወጣትነታቸው በሸዋ ጦር የተማረኩ ሰው ናቸው። ያ ምርኮኛ ከአድዋ በኋላ በጀግናው ፊታውራሪ ገበየሁ ቦታ ተተክቶ፣ በ1907 ደግሞ የጦር ሚኒስትር ሆኖ፣ በብልሃቱ «አባ መላ» ተብሎ፣ እስከ ሞተበት እስከ 1926 ድረስ አገር የሚሰማው ሰው ሆነ። ስለ ፍርዳቸው ዛሬም ድረስ ሽማግሌ የሚያወራው አያጣም። ስለዚህ «የተሸነፈ ወገን ሰው አይፈርድም» የሚል ሕግ በእኛ ዘንድ አልነበረም ማለት ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመኝ ግን የሌላ ሰው ሕይወት ነው፤ የደጃዝማች ታከለ ወልደ ሐዋርያት።

ታከለ ከጣሊያን ወረራ በፊት ማዕረጋቸው ብላታ ነበር። በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት በኃላፊነት ሠርተዋል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን በታማኝነት ያገለገሉ ሰው ናቸው። ልባቸው የተሰበረው በ1936 ነው። ጦሩ ማይጨው ላይ ተፈትቶ ንጉሡ ወደ አውሮፓ ሊሰደዱ ሲወስኑ፣ አጥብቀው ከተቃወሙት ሰዎች አንዱ ታከለ ሆኑ። ንጉሥ ከሕዝቡ ጋር ዱር ገብቶ ይዋጋል እንጂ አገሩን ጥሎ አይወጣም ባይ ናቸው። ባቡሩ ግን ወደ ጅቡቲ ሄደ። ታከለም ዱር ቤቴ አሉ፤ አርበኛ ሆኑ። ከዚያን ቀን ወዲህ በእሳቸውና በንጉሡ መካከል የነበረው ነገር እንደተሰነጠቀ ገንቦ ሆነ፤ ቢለስኑትም ውኃ አይቋጥርም። በአምስቱ ዓመት ትግል ውስጥ ዘውድ የሌለበት መንግሥት፣ ሪፐብሊክ፣ የሚለውን ሐሳብ ካነሡት ጋር ስማቸው ይጠራል።

በ1941 ንጉሡ ተመለሱ። ተመልሰውም ክፉን በክፉ አትመልሱ አሉ። ለጣሊያኖቹ የታሰበው ይህ ምሕረት ለብዙ የአገር ልጆችም ተረፈ፤ ለጠላት አድረው የነበሩ ሰዎች፣ ፊደል የቆጠሩና መሥሪያ ቤት የሚያውቁ ናቸው እየተባለ፣ ወንበር ያዙ። አምስት ዓመት ሙሉ ጫካ የከረመው አርበኛ ደግሞ ጎፈሬውን እንዳንጨባረረ በር ላይ ቆሞ ያይ ነበር። ንዴቱ ከዚያ ይጀምራል።

አሁን የታከለን ዕድሜ እንቁጠር። በ1942 ታሰሩ። በ1945 ተፈቱ። ተፈትተውስ? ጡረታ ወጡ? ወደ ርስታቸው ገቡ? የለም፤ ምክትል አፈ ንጉሥ ተብለው ዳኛ ሆኑ። በ1947 በሌላ ሴራ ተጠርጥረው እንደገና ወህኒ ወረዱ። ሰባት ዓመት ያህል ቆይተው በ1954 ወጡ። በ1955 የአገር ግዛት ምክትል ሚኒስትር፣ በ1957 ደግሞ አፈ ንጉሥ! እስከ 1961 በዚያ ወንበር ተቀመጡ። በ1961 መጨረሻ እንደገና ታሰሩ፤ እስከ 1966። በመጨረሻም በ1969 ንጉሡን ለመግደል ጠንስሰውታል የተባለው ሴራ ከሸፈና ሊይዟቸው ከመጡ ፖሊሶች ጋር ተታኩሰው ሞቱ። ወደ ሰባ የሚጠጋ ዕድሜ ላይ ነበሩ።

ደምሩት። ከነጻነት በኋላ ከኖሩት ሃያ ስምንት ዓመት ውስጥ ወደ አሥራ አምስቱ እስር ቤት አለፈ። ከቀሪው ላይ ጥሩ ድርሻ የወሰደው የዳኝነት ወንበር ነው። እስረኛ፣ ዳኛ፣ እስረኛ፣ ዳኛ፣ እስረኛ።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼ ልብ ወለድ አንብበው «ገጸ ባሕርይው ተለወጠ» ብለው ሲጽፉልኝ «ምን አይታችሁ?» እያልኩ አስቸግራቸው ነበር። ልብሱ ተለወጠ? ወንበሩ ተለወጠ? ወይስ ልቡ? የታከለን ሕይወት ድርሰት አድርጎ ያመጣልኝ ተማሪ ቢኖር ኖሮ «አይታመንም፤ ከልስህ አምጣው» ብዬ እመልስለት ነበር። በእውነቱ ዓለም ግን ሆኗል። የተለወጠውም ካባው ብቻ ነው። ሰውዬው በ1936 ካኮረፉት ንጉሥ ጋር በ1969 ሲሞቱም እንዳኮረፉ ነበሩ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። አፈ ንጉሥ ማለት ቃሉ እንደሚናገረው የንጉሥ አፍ ማለት ነው። ንጉሡ ለመላው አገር መፍረድ ስለማይደርስለት በእሱ ስም የሚፈርድ ትልቅ ዳኛ ነው። በምኒልክ ዘመን አፈ ንጉሥ ነሲቡ መስቀሎ በዚህ ስም ከብረው ኖሩ፤ በ1907 ሚኒስትሮች ሲሾሙም የፍርድ ሚኒስትርነቱ ለእሳቸው ሆነ። ስሙ ስለዚህ ባዶ ማዕረግ አይደለም። እንግዲህ የንጉሡን ሞት ይመኛል ተብሎ የታሰረውን ሰው አውጥቶ የንጉሥ አፍ ማድረግ ምን ማለት ነው?

አንዳንዱ «ምሕረት ነው፤ ንጉሡ ልበ ሰፊ ነበሩ» ይላል። ሌላው «ብልሃት ነው፤ አንበሳውን በግቢ ማሠር ነው» ይላል። እኔ ሁለቱም እውነት አላቸው እላለሁ። ዳሩ ግን ሁለቱም የረሱት አንድ ሰው አለ፤ ፌስታሉን ይዞ ደጅ የተቀመጠው ባለጉዳይ። ታከለ በእርግጥ ዶልተው ከነበረ፣ የዶለተ ሰው በምን ሒሳብ የአገር ትልቅ ዳኛ ይሆናል? አልዶለቱም ከነበረ ደግሞ፣ ያለ ጥፋታቸው ለተወሰደባቸው ዓመት ማን ይጠየቃል? ጥያቄው በአደባባይ ተነሥቶ መልስ አላገኘም። እስራቱም ሹመቱም ከአንድ እጅ ወጡ። ያው እጅ ሲዘረጋ ሹመት፣ ሲጨበጥ እስር ሆነ። በመካከል «እውነቱ ይህ ነው» የሚል ፍርድ ጠፋ።

ያ እጅ ለሁሉም እኩል አልተዘረጋም። ታከለ ከወህኒ ወጥተው ዳኛ በሆኑበት በዚያው በ1945፣ የጎጃሙ አርበኛ በላይ ዘለቀ አዲስ አበባ ላይ በስቅላት ሞተ። ሁለቱም አርበኞች፣ ሁለቱም በንጉሡ ላይ አምፀዋል የተባሉ። አንዱ ወደ ገመድ፣ ሌላው ወደ ወንበር። ልዩነቱን የወሰነው ምን እንደሆነ ሕዝቡ በግልጽ ቢነገረው ኖሮ ዛሬም ድረስ በለቅሶ ቤት ባልተከራከርንበት።

ሌላም ነገር አለ። ታከለ አፈ ንጉሥ በነበሩበት ዘመን አገሪቱ ዘመናዊ ሕጎቿን በላይ በላዩ ታወጣ ነበር። የወንጀለኛ መቅጫው ሕግ በ1957፣ የፍትሐ ብሔሩና የንግዱ ሕግ በ1960 ወጡ። በ1955 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ወጥቶ በ1957 ለመጀመሪያ ጊዜ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት በሕዝብ ተመረጡ። በወረቀት ላይ ከታየ ዳኛው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የሕግ አፍ እንጂ የንጉሥ አፍ መሆኑ እያበቃ ነበር። በተግባር ግን ከችሎቱ በላይ ዙፋን ችሎት ነበረ። የመጨረሻው አቤቱታ እዚያ ይደርሳል፤ የመጨረሻው ቃልም ከዚያ ይወርዳል። የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አባላትም ተሿሚዎች ነበሩ፤ መኳንንቱና ከሥልጣን የተነሣው ሹም ክብሩ ሳይነካ ተቀምጦ የሚውልበት ቤት ነበር። የዳኛም ሆነ የሕግ አውጪ ወንበር ከተሰጠ ይወሰዳል፤ ሰጪውም ነሺውም አንድ ነው።

«ይኼ የእኛ የኋላ ቀርነት ነው፤ የሠለጠነው ዓለም እንዲህ አያደርግም» የሚል አንባቢ አይጠፋም። እንግዲያው ወደ አሜሪካ ልውሰዳችሁ። አሜሪካ ስል ሩቅ አይምሰላችሁ፤ የዚያ አገር የእርስ በርስ ጦርነት ተሸናፊዎች በእግራቸው እኛ ጋ ደርሰው ነበር። በ1876 አፄ ዮሐንስ ጉራዕ ላይ የግብፅን ጦር ሲደመስሱ፣ የዚያ ጦር የኤታ ማዦር ሹም ዊልያም ሎሪንግ የሚባል አንድ እጁ የሌለ አሜሪካዊ ነበር። እጁን ያጣው በሜክሲኮ ጦርነት ነው። ጠበቃም፣ የፍሎሪዳ ምክር ቤት አባልም ሆኖ ያውቃል። በኋላም ባርነትን ላለመልቀቅ ካመፁት ከደቡብ ግዛቶች ጎን ጄኔራል ሆኖ ተዋጋ፣ ተሸነፈ፣ ለግብፁ ገዢ ተቀጠረ፣ መጥቶም በእኛ ተራሮች ላይ ሁለተኛ ሽንፈቱን ቀመሰ።

ሎሪንግ ባሕር ተሻገረ። ብዙዎቹ ጓዶቹ ግን እዚያው አገራቸው ቀርተው ሌላ መንገድ ያዙ። ጦርነቱ በ1865 እንዳለቀ በሕገ መንግሥቱ ላይ አንድ አንቀጽ ተጨመረ፤ ለሕገ መንግሥቱ ምሎ የነበረና መልሶ ያመፀ ሰው ሥልጣን አይዝም የሚል። ታዲያ ብዙም አልቆየ፤ በ1872 በወጣ የምሕረት ሕግ እገዳው ለአብዛኞቹ ተነሣ። በማግስቱ ሉሲየስ ላማር፣ የሚሲሲፒን የመገንጠል ውሳኔ የጻፈውና በኮሎኔልነት የተዋጋው ሰው፣ ምክር ቤት ገባ። ከዚያ ሴናተር፣ ከዚያ ሚኒስትር፣ በ1888 ደግሞ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነ። ኤድዋርድ ዋይት የሚባለውም የደቡብ ወታደር የነበረ ሰው በሴናተርነት አልፎ በ1894 እዚያው ፍርድ ቤት ተቀመጠ፤ በ1910 የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ሆነ።

ይህ ሁሉ በአዋጅና በምርጫ ካርድ የሆነ ነው፤ ሕጋዊነቱ አያነጋግርም። ነገር ግን የታረቁት እነማን ናቸው? የሰሜኑ ነጭና የደቡቡ ነጭ። ከባርነት የወጣው ጥቁር በእርቁ ማዕድ ላይ አልተጠራም። ሒሳቡ ግን ለእሱ መጣ። በ1896 ጥቁርና ነጭ በባቡር ተለያይተው ይሳፈሩ የሚለው የሉዊዚያና ሕግ ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቀረበ። ፍርድ ቤቱ ሰባት ለአንድ በሆነ ድምፅ ሕጉን አጸደቀው። ዋይት ከሰባቱ አንዱ ነበር። ይህ ፍርድ እስኪሻር ድረስ፣ እስከ 1954፣ ወደ ስድሳ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ሰው በቆዳው ቀለም ተለይቶ ኖረ።

እዚህ ላይ «አየህ፣ የሽማግሌው ጥያቄ ልክ ነው፤ ከማን ወገን እንደነበረ ካወቅህ ፍርዱን ታውቃለህ» ልትሉኝ ነው። ቆዩኝ። ያን ቀን ብቻውን «ይህ ፍርድ ግፍ ነው» ብሎ የተለየው ዳኛ ጆን ማርሻል ሃርላን ነው። እሱ ለሰሜኑ ወገን የተዋጋ ኮሎኔል ነበር። ነገር ግን የባሪያ አሳዳሪ ቤተሰብ ልጅ ነው፤ ባርነት በሕግ ሲሻርም ተቃውሞ ነበር። ከሰባቱ ውስጥም የሰሜን ልጆች ሞልተዋል። ዋይት ራሱ ደግሞ በ1915 ጥቁሮችን ከምርጫ ለማስቀረት የወጣውን የኦክላሆማን ተንኮለኛ ሕግ የሻረውን ፍርድ በእጁ ጻፈ። እንግዲህ መለዮው ሰውየውን እስከ መጨረሻው አይነግረንም ማለት ነው። ሰው ይማራል፤ ሰው ያፍራል፤ ሰው ይደነድናል።

ሁለቱን አገር ጎን ለጎን ሳስቀምጥ አንድ ነገር ይታየኛል። በአሜሪካ ወንበሩ የእርቅ ዋጋ ሆኖ ተከፈለ። በእኛ አገር ወንበሩ የአፍ ማዘጊያ ሆኖ ተሰጠ። እዚያ ተሸናፊው ወንበሩን ሲይዝ ዓላማውን ይዞት ገባ። እዚህ አርበኛው ወንበሩን ሲይዝ ዓላማውን ደጅ እንዲያስቀምጥ ተፈለገ፤ አላስቀመጠም። በሁለቱም ዘንድ ግን ወንበሩ የተሰጠው ለተቀማጩ ሲባል ነው። «እዚህ ሰው ፊት ቆሞ ፍርድ የሚጠብቀውስ ማን ነው?» ብሎ ያሰበ አልነበረም። የእኛ ሰው «በፍትሕ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍትሕ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» ሲል የኖረው ያለ ምክንያት አይደለም። በቅሎውን ቢነጠቅ እንኳ የሚያጽናናው የፈረደበትን ሰው ማመኑ ነው።

ይህን ያነሣሁት ለጨዋታ ብቻ አይደለም። በ2022 መጨረሻ የፕሪቶሪያው ስምምነት ተፈርሞ የሰሜኑ ጦርነት እንዲቆም ተባለ። በ2024 የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጸደቀ። ነገም ሌላ ስምምነት፣ ሌላ ምሕረት ይመጣ ይሆናል፤ ይምጣም። ያኔ ከምሽግ የወጣ ሰው ሁሉ አንድ ቦታ መቀመጡ አይቀርም። አንዱ ምክር ቤት ይገባል፣ አንዱ ቢሮ ይይዛል፣ አንዱም ካባ ለብሶ ችሎት ይሰየማል። «በጭራሽ አይሆንም» ብንል እነ አባ መላንም፣ እነ ሃርላንንም አናገኝም ነበር። «እሺ፣ ይቀመጥ» ብቻ ብንል ደግሞ የታከለን ዘመን እንደግማለን፤ ዛሬ ታስሮ ነገ የሚሾም፣ ነገ ተሾሞ ከነገ ወዲያ የሚታሰር፣ እውነቱ ግን አንድም ቀን ያልተነገረለት ሰው።

ስለዚህ የሽማግሌውን ጥያቄ አልጥላትም፤ ሁለት ልጨምርባት ነው። አንደኛው፣ ይህ ሰው ወደ ወንበሩ ከመምጣቱ በፊት ያደረገውና የተደረገበት በአደባባይ ተነግሯል ወይ? ያጠፋ ከሆነ ጥፋቱ ታውቆ፣ የተበደለ ከሆነ በደሉ ታውቆ፣ ከዚያ በኋላ ይቅር የተባለ ነው ወይ? ይቅር ባዩስ ማን ነው፤ የተበደለው ወይስ ለተበደለው የሚናገርለት ሌላ ሰው? ሁለተኛው፣ ከወንበሩ በላይ ማን አለ? የ1995ቱ ሕገ መንግሥት በ79ኛው አንቀጹ ዳኛ ከሕግ በቀር በሌላ አይመራም ይላል። ጥሩ ቃል ነው። አፈ ንጉሥ የሚለውን ስም አፈ ሕግ በሚል የሚተካ ቃል ነው ማለት እንችላለን። ቃሉ ሥጋ መልበሱን የሚያውቀው ግን ደጅ የተቀመጠው ሰው ነው።

ደጃዝማች ታከለን ሳስብ የሚያሳዝነኝ የአሟሟታቸው ነገር ብቻ አይደለም። አፍ ተሰጣቸው፤ አፉ የሌላ ሰው ነበር። ልብ ነበራቸው፤ ልባቸውን ሰምቶ «እውነትህን ነው» ወይም «ተሳስተሃል» ብሎ በሕግ የመለሰላቸው አልነበረም። ለእሳቸው ያልተገኘችው ያቺ አንዲት ፍርድ ነበረች። ለስንቱ ሲፈርዱ የኖሩት ሰው በራሳቸው ጉዳይ ፍርድ ሳያገኙ በጥይት ተለያዩን።

የጎረቤቴ ቀጠሮ ሲደርስ እንደገና አብሬው ሄድኩ። ሽማግሌው እዚያው አግዳሚ ላይ፣ ያንኑ ፌስታል ይዘው ተቀምጠዋል። ሰላምታ ሰጠኋቸውና፣

«አባባ፣ ዳኛው ከማን ወገን እንደነበሩ አወቁ?» አልኳቸው።

ሳቅ አሉና፣ «ተወው ልጄ። ባለፈው ስገባ ቀና ብለው አዩኝ፤ የማወራውን እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ለጊዜው ይበቃኛል። ፍርዱን ደግሞ እናያለን» አሉኝ።

እኔም አብሬያቸው ልጠብቅ ተቀመጥኩ።